መንግሥት ይከስማል ያልኩበት ቀን

ፊደል ከመቁጠሬ በፊት በቤንችኛ እስከ መቶ መቁጠር እችል ነበር። አባቴ ከጉራጌ አገር መጥቶ ሚዛን ተፈሪ ውስጥ ሱቅ የከፈተ ነጋዴ ነው፤ እኔም ያደግኩት ባንኮኒው ሥር ነው። «ስንት ነው?»፣ «ውድ ነው»፣ «ጨምሪ»፣ «የለም»፣ ይሄን ሁሉ በቤንችኛ አሳምሬ እላለሁ። ከዚያ ካለፈ ግን ጉድ ነው። አንዱ መጥቶ «እናቴ ሞተች» ቢለኝ «ጨው አልቋል» ብዬ ልሸኘው እችል ነበር። ከልጅነቴ ጀምሮ አብሬያቸው የኖርኩ ሰዎችን ቋንቋ የማውቀው ይህን ያህል ነበር፤ አላፍርበትምም ነበር። ጅማ ተምሬ ተመልሼ እዚያው ከተማ ጂኦግራፊ ማስተማር ስጀምርም አላፈርኩም። በኋላ ያሳፈረኝ፣ ሰውም ያሳሰረው፣ አንድ የገዛ አማርኛዬ ቃል ነው።

ጊዜው ደርግ ነው። ያኔ የማይወያይ ሰው አልነበረም። እኛ አስተማሪዎች ሐሙስ ከሰዓት እንወያያለን፤ የቀበሌው ሰው እሑድ ይወያያል፤ ገበሬው በየማኅበሩ በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ይወያያል። የምንወያይበትን ነገር ሁሉ የምትሰጠን ቀይ ሽፋን ያላት ቀጭን መጽሐፍ ነበረች። ብዙዎቹ ባልደረቦቼ ከስብሰባ ውጭ ገልጠዋት አያውቁም። እኔ ወደድኳት። በተለይ «መንግሥት ምንድን ነው?» የሚለውን ምዕራፍ በቃሌ ይዤው ነበር። ለአስተማሪዎች በተሰጠው የፖለቲካ ኮርስ አንደኛ የወጣሁትም በእሱ ነው። ይህን ያልሰማ ሰው በከተማው አልነበረም፤ የምነግረው እኔው ነበርኩና።

የምከራከረው ከርእሰ መምህራችን ጋር ነበር። አባታቸው ከሰሜን ለሹመት የመጡ፣ እሳቸው ማጂ ተወልደው ያደጉ፣ ሁለት ዓመት ለጡረታ የቀራቸው፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ናቸው። «መንግሥት አባት ነው» ይሉኛል። «ደግ አባት አለ፣ ክፉ አባት አለ። አባት የሌለበትን ቤት ግን ጅብ ይገባበታል።» ከዚያ ግራና ቀኝ አይተው፣ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይሉና ሻያቸውን ያነሳሉ። እኔ እነድዳለሁ። «ጋሼ፣ መንግሥት እኮ የገዥው መደብ መሣሪያ ነው። መደብ ሲጠፋ ሥራ ያጣል፤ ሥራ ሲያጣ ይከስማል» እላቸዋለሁ። «ልጄ፣ ከስሞ የት ይገባል?» ይሉኛል። በሆዴ አድኃሪ ብያቸው እሄዳለሁ።

የአውራጃው ካድሬ ደግሞ የራሱ አለው። «መንግሥት ክንድ ነው!» ይላል፣ ክንዱን እያሳየ። ክንዱ ቀጭን ነበር፤ ቴፒ ቆላ ሲመላለስ ወባ ጨርሶታል። አንድ ሳምንት ጭራሹን ወደቀና ከከተማው የአንድ ሰዓት መንገድ ርቆ የሚገኘውን የገበሬ ማኅበር የሚያወያይ ሰው ጠፋ። «አንደኛ የወጣችው ትሂድ» ተባለ። ምዕራፌን በቃሌ ይዤ፣ በጭቃው ላይ እየተንሸራተትኩ፣ እንደ ሙሽራ ደስ ብሎኝ ሄድኩ።

ስብሰባው ዋንዛ ሥር ነው። ስልሳ የሚሆኑ ሰዎች፣ ሁሉም ባለቡና፣ ሳር ላይ ተቀምጠዋል። አስተርጓሚዬ የማኅበሩ ጸሐፊ ነበር፤ ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። ፊደል የቆጠረው በመሠረተ ትምህርት ሲሆን ቃለ ጉባኤ ሲጽፍ እያንዳንዱን ፊደል ችግኝ እንደሚተክል ሰው ቦታ ይመርጥለታል። እንዲዘጋጅበት መጽሐፌን ቀድሜ አውሼው ነበር። አማርኛው ጥሩ ነው፤ ሲቸኩል ብቻ «አንተ» ይለኛል። አላርመውም ነበር፣ የእኔን ቤንችኛ ስለማውቀው።

ከጭሰኝነቱ ዘመን ጀመርኩ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ፤ ያንን ከእኔ በላይ ያውቁታል። አንድ ሽማግሌ እጃቸውን አወጡ። አስተርጓሚዬ አዳምጦ ሲያበቃ፣ «መንግሥት እንግዳ ነው ይላል። ይመጣል፣ ይበላል፣ ይሄዳል። ሌላ ይመጣል። ኮፍያ ይለያያል ይላል» አለኝ። ሳቅሁና «ይህ ቀርቷል» አልኩ፤ ወዲያው አፌን ሞልቼ ያንን የምወደውን ዐረፍተ ነገር አወጣሁት። «ወደፊት መንግሥት ራሱ ይከስማል።»

አስተርጓሚዬ ወደ እኔ ዞረ። «አስተማሪ፣ ቆይ። ይከስማል ምንድን ነው?» አለኝ። ማንም ሳይገድለው፣ ቀስ በቀስ፣ ባለበት ደርቆ መቅረት ነው አልኩት። መሬት መሬት እያየ አሰበ። ከዚያ ወደ ሰዎቹ ዞሮ አንድ ዐረፍተ ነገር ተናገረ። ሲያጉረመርም የነበረው ስልሳ ሰው ሁሉ አንገቱን ወደ እኔ አሰገገ። ሽማግሌው ደግመው እጃቸውን አነሱና አንዲት ቃል ብቻ ተናገሩ። «መቼ ነው ይላል» አለኝ አስተርጓሚዬ።

«ቀኑ አልተቆረጠም» አልኩ፣ «ግን አይቀርም።» እንዲህ በጥሞና ያዳመጠኝ ሰው ኖሮ ስለማያውቅ ወደ ቤቴ የተመለስኩት እየዘፈንኩ ነው።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። ያ ማኅበር ሰኞ ሰኞ የጋራ ሥራ ነበረበት። ሰዎቹ ድልድይ ይፈልጉ ነበር፤ ወደ ከተማ ሲሄዱ ጅረቱን የሚሻገሩት በአንድ የሚያዳልጥ ግንድ ላይ ነው፣ ክረምት ሲገባ ደግሞ ግንዱንም ጎርፍ ይወስደዋል። ካድሬው ግን «መጀመሪያ የጽሕፈት ቤቱ አጥር» ብሎ ስለወሰነ ሰኞ ሰኞ አጥር ያጥራሉ። እኔ ባወያየሁ ማግስት የዋለው ሰኞ አንድ ሰው አልወጣም። የማኅበሩ ጥበቃ ቤት ለቤት ዞሮ ቢጠይቅ፣ «ለሚከስም ነገር አጥር ምን ያደርጋል?» አሉት። ጥበቃው የሰማውን ለካድሬው አስመዘገበ። ረቡዕ ዕለት አስተርጓሚዬ ተያዘ፤ መጽሐፌም በእጁ እንዳለች ተወሰደች፣ ከዚያ በኋላ ያያት የለም።

ክሱን ያነበበልኝ ከወባው የተነሳው ካድሬ ነው። «መንግሥት የቡና በሽታ ይዞታል፣ በቅርቡ ደርቆ ይሞታል ብሎ ሕዝብ አሳድሟል» ይላል። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ለ«ይከስማል» በቋንቋው አቻ ቃል ሲያጣ፣ ፍሬው ሳይበስል ቅርንጫፉ ላይ እንዳለ ጠቁሮ ሲረግፍ ባለቡናዎቹ የሚሉትን ቃል ተጠቅሟል። ማንም ሳይገድለው፣ ቀስ በቀስ፣ ባለበት። እኔ የነገርኩትን አንዲት ሳያጎድል ተርጉሞታል። ያጎደልኩት እኔ ነኝ፤ ቡና አገር ተወልጄ ባለቡና ይህን ሲሰማ ምን እንደሚታየው አላሰብኩም።

«ቃሉ የእኔ ነው» ልል አፌን ስከፍት ካድሬው ቀደመኝ። «ጓዲት፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ አትሳሳቺም። ያጣመመው እሱ ነው» አለኝ። እኔም እፎይ አልኩ። ዝም ብዬ ወጣሁ። ያን እፎይታ እስከ ዛሬ ሳስታውሰው ፊቴ ይግላል።

በማግስቱ የትምህርት ቤቱ በር ላይ አንዲት ሴት ቆማ አገኘሁ። በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ የተቀቀለ ጎደሬ ይዛለች፤ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ስትሄድ መንገዷን ወደ እኔ ማዞሯ ነው። የአስተርጓሚዬ ሚስት መሆኗን ዘበኛው ነገረኝ። አማርኛ አትችልም። ብዙ ተናገረች፣ አንዱም አልገባኝም። ይህን ስታውቅ ፀሐይዋን አሳየችኝ፣ በጣቷ ከምሥራቅ እስከ ምዕራብ ሰማዩን አቋረጠች፣ ከዚያ እኔ ከልጅነቴ የማውቃትን ቃል ተናገረች። «ስንት?»

የአባቴ ሱቅ ቃል ናት። በቀን መቶ ጊዜ ተጠይቄ መቶ ጊዜ መልሼባት አውቃለሁ። ያን ቀን የተጠየቅኩት ግን ዋጋ ሳይሆን ባሏ ስንት ቀን እንደሚታሰር ነው። እንባዬ መጣ፤ ሴትዮዋ ስታለቅስ አላየሁም፣ እኔ ነኝ ያለቀስኩት። ጎደሬውን አስተካክላ ይዛ ሄደች።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሌላ ሰው ሆንኩ። ካድሬው ቢሮ ገብቼ ጮህኩ። ቅዳሜ ከጅማ አንድ ትልቅ ባለሥልጣን እንደሚመጣ፣ ጉዳዩ በቀበሌው አዳራሽ በሕዝብ ፊት እንደሚቀርብ፣ ሰውዬውም ወደ ጅማ ወህኒ እንደሚላክ ነገረኝ። «ቃሉ መጽሐፉ ውስጥ አለ!» ስለው፣ «እንዲህ ያለ ነገር በመጽሐፋችን ሊኖር አይችልም» አለኝ። እስከዚያ ምዕራፍ እንዳልደረሰ ያን ጊዜ አወቅሁ። ከእኔ መጽሐፍ ሌላ የቀረችው አንዲት ቅጂ በርእሰ መምህሩ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎባታል፤ የሌሎቹን አስተማሪዎች ሁሉ ለሩብ ዓመቱ ሰብስበው ወደ ጅማ ልከው ስለነበር ቀሪዋ እሷ ብቻ ናት። ሄጄ ለመንኳቸው። መስኮት መስኮት እያዩ፣ «ልጄ፣ ቁልፉ ጠፍቷል» አሉኝ። ቁልፉ አንገታቸው ላይ ባለው ክር ተንጠልጥሎ ከሸሚዛቸው ሥር ይታየኝ ነበር።

ቅዳሜ ገበያ ነው። አዳራሹ ጢም ብሏል፤ ከፊት የከተማው ሰው፣ ከኋላ ዋንዛው ሥር ያገኘኋቸው ባለቡናዎች፣ በመሐል አስተርጓሚዬ፣ ጫማ ሳያደርግ፣ ቀጥ ብሎ። ሚስቱ በር ላይ ቆማለች። ከጅማ የመጣው ባለሥልጣን ወፍራም መነጽር ያደረገ፣ ውጭ አገር ተምሮ የተመለሰ ነው ይባላል። ካድሬው ክሱን አነበበ። እጄን አወጣሁ።

«ጓድ፣ እሱ ከልቡ አንዲት ቃል አልጨመረም። መንግሥት ይከስማል ያልኩት እኔ ነኝ። እሱ የተረጎመው ያልኩትን ነው፤ የሚታሰር ካለ እኔ ነኝ።»

አዳራሹ ተንጫጫ። ባለሥልጣኑ በመነጽሩ ላይ አሻግሮ አየኝ። «ከየት አገኘሽው?» ከመጽሐፉ አልኩ። «አሳዪኝ» አለኝ። ባዶ እጄን ቆምኩ። ካድሬው ፈገግ አለ።

«ይቅርታ» አለ አንድ ዝግ ያለ ድምፅ ከኋላ። ርእሰ መምህራችን ናቸው። በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር በብብታቸው ይዘው፣ በሰዉ መሐል «ይቅርታ፣ ይቅርታ» እያሉ መጡ። ጋዜጣውን ፈቱት። ቀይዋ መጽሐፍ ናት። ከገጿ መሐል ምልክት የሆነች ቁራጭ ወረቀት ብቅ ብላለች፤ ፈልገው አንብበዋታል ማለት ነው። «ቁልፉ ተገኘ» አሉኝ፣ መጽሐፏን ለባለሥልጣኑ እያቀበሉ። ያንን እጅ በሰዉ ሁሉ ፊት ብስመው ደስ ባለኝ ነበር።

ባለሥልጣኑ ገጹን ተመለከተ። ያውቃታል፤ ፊቱ ላይ አየሁት። «ቃሉስ አለ» አለ፣ «ሆኖም አተረጓጎሙ የተጣመመ እንደሆነ ማን ያውቃል?»

በዚህ ጊዜ ነው ነገሩ ብልጭ ያለልኝ። «ጓድ፣ እርስዎ ራስዎ ያንብቡት» አልኩ። «እሱ ለሕዝቡ ይተርጉመው። ከዚያ ከሳሹ ጥበቃ የሰማውን ወደ አማርኛ ይመልስልን። የተጣመመ ካለ ያኔ እናየዋለን።»

ካድሬው ሊናገር ሲል ባለሥልጣኑ በእጁ ዝም አሰኘው። ቆመ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ በሚያምር ድምፅ አነበበ። «ወደፊት መንግሥት ራሱ ይከስማል።» አስተርጓሚዬ ለሦስት ቀን ያልተናገረ አፉን ከፈተና ለሕዝቡ አለው። እንደዚያን ቀን በአንድ ዐረፍተ ነገር፣ ሳይጨምር ሳይቀንስ። ሁላችንም ወደ ጥበቃው ዞርን። ጥበቃው ጠመንጃውን እንዳንጠለጠለ ያልበዋል። ሐቀኛ ሰው ነው፤ የከሰሰውም በክፋት አይደለም፣ የሰማውን ነው የተናገረው። አሁንም የሰማውን ተናገረ።

«ጓድ እንዳሉት» አለ፣ «መንግሥት የቡና በሽታ ይዞታል፣ ደርቆ ይረግፋል።»

መጀመሪያ የሳቁት ከኋላ ካሉት ባለቡናዎች ሁለቱንም ቋንቋ የሚሰሙት ጥቂቶች ናቸው። ከዚያ ሳቁ ወደ ፊት መጣ። ዘበኛው ሳቀ፣ የገበያ ሴቶች ሳቁ፣ አባቴ ከመጀመሪያው ረድፍ ላይ ተንከትክቶ ሳቀ። ካድሬው ብቻ ጫማውን ያያል። ባለሥልጣኑ መነጽሩን አወለቀና ጠረገው። ሳቁ እስኪያልፍ ብዙ ቆየ። «እንግዲህ» አለ፣ «እኔን ደግሞ ማን ይሰረኝ?» አዳራሹ ዳግመኛ በሳቅ ፈረሰ። መነጽሩን መልሶ አደረገ። «ልቀቁት» አለ።

ነገሩ በዚህ ቢያልቅ ይበቃኝ ነበር። ባለሥልጣኑ ግን ተማሪ ቢጤ ኖሮ ጉዳዩ ጣመው። «እሺ» አለ ለአስተርጓሚዬ፣ «እስኪከስም ድረስስ መንግሥት ምን ይሥራ ትላላችሁ?» አስተርጓሚዬ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሮ ተነጋገረ። ሲመለስ ፊቱ ኮስተር ብሏል።

«እስኪሞት ድረስ ሚስማር ያምጣ ይላሉ።»

«ምን?»

«ድልድይ እንሠራለን። እንጨት አለን። ሰው አለን። ሚስማር የለንም። አጥሩ ይቅር፣ ሰኞ ለድልድይ ይሁን ይላሉ።»

የፖለቲካ ኮርስ ወስጃለሁ፣ አንደኛ ወጥቻለሁ፤ ስለ መንግሥት ሥራ ከዚህ የጠራ ነገር አልሰማሁም። ባለሥልጣኑ ማስታወሻው ላይ ጻፈ። እኛ ይረሳዋል ብለን ነበር፤ አልረሳም። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ከቴፒ በኩል የመጣ የመንግሥት እርሻ መኪና አንድ ከረጢት ረጃጅም ሚስማርና አንድ ጥቅል ሽቦ አውርዶ ሄደ።

ስድስት ሰኞ ፈጀ። እኔም ተማሪዎቼን ይዤ ድንጋይ አቀበልኩ። ድልድዩ ያለቀ ቀን ቀድማ የተሻገረችው የአስተርጓሚዬ ሚስት ናት፣ አንድ ከረጢት እሸት ቡና ተሸክማ፣ ውኃው ከሥሯ እየጮኸ፣ የቀሚሷ ጫፍ ሳይረጥብ። እኔ ያለሁበት ዳር ስትደርስ ከረጢቱን አወረደችና ፊቴ ቆመች። ሦስት ጣት አነሳች፣ «ሦስት» አለች በቋንቋዋ። አስተርጓሚ አላስፈለገኝም። ያኔ ስንት ብላ የጠየቀችኝን ራሷ መለሰችልኝ፤ ባሏ ሦስት ሌሊት አድሮ ወጥቷል። ተቃቀፍን። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ቤንችኛ አስተማረችኝ፤ ጥብቅ አስተማሪ ናት፣ ስሳሳት ታስደግመኛለች።

ከዚያ ዓመታት አለፉ። አንድ ግንቦት ላይ መንግሥት ከሰመ። ካድሬው ሄደ፤ ጽሕፈት ቤቶቹ ተዘጉ፤ የፖሊስ ጣቢያው በር ክፍት ነው፣ ውስጡ ሰው የለም። አዲሱ ገና አልደረሰም። አባቴ ሱቁን ዘጋ። ጡረታ የወጡት ርእሰ መምህራችን ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ሳልፍ ጠሩኝ። «ልጄ፣ ይኸው ከሰመልሽ» አሉኝ። «አሁንስ ጅቡን ማን ያባርር?» እንደ ዱሮው በሆዴ አድኃሪ ልላቸው አልቻልኩም። እውነት ለመናገር፣ እኔም ፈርቼ ነበር።

ትምህርት የለምና በማግስቱ ጠዋት ወደ ጅረቱ አቅጣጫ ሄድኩ፤ የወዳጆቼን ደኅንነት ላይ ብዬ ነው። ገና ከሩቅ የመጥረቢያ ድምፅ ሰማሁ። የሚዘርፍ ሰው መስሎኝ ልመለስ ነበር። ቀረብ ስል ሠላሳ አርባ ሰው ጅረቱ ውስጥ ቆሟል። ዝናቡ ያላላውን ግንድ አውጥተው ሌላ ይተካሉ። አስተርጓሚዬ ፀጉሩ ሸብቷል፤ ሚስማር በጥርሱ ነክሶ በእጁ ሰላም አለኝ። ያ ጥበቃም አለ፣ ጠመንጃ ሳይዝ፣ መዶሻ ይዞ። የአስተርጓሚዬ ሚስት ከዳር ሆና ቦርዴ የሚሉትን የእህል መጠጥ ትቀዳለች። ሊቀመንበር የለም፣ ቃለ ጉባኤ የለም፣ ስም የሚጠራ የለም።

«ማን አዘዛችሁ?» አልኳት፣ በቋንቋዋ፣ ሳልሳሳት።

ዞር ብላ አየችኝ። ያስተማረችኝን የረሳሁ መሰላት መሰለኝ፤ ቀስ ብላ፣ ቃል በቃል ተናገረች።

«ዛሬ እኮ ሰኞ ነው።»

ጫማዬን አወለቅኩ።